ከባለቤቱ የተደበቀ በሽታ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ሳይሰማ ያደገ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ተረቱ ጥፋቱን የሚጥለው በታማሚው ላይ ነው፤ ደባቂውም እሱ፣ ተጎጂውም እሱ። እኔን ብዕር ያስነሣኝ ግን ተረቱ ያላሰበው ሌላ ዓይነት መደበቅ ነው። እዚህ ሐዋሳ በማውቃቸው ቤቶች ውስጥ አንድ አዛውንት ካንሰር ሲገኝባቸው በሽታውን የሚደብቀው ቤተሰብ ነው፤ የሚደበቀውም ከጎረቤት ብቻ ሳይሆን ከራሳቸው ከታማሚው ነው። ልጅ ያውቃል፣ ምራት ታውቃለች፣ አሜሪካ ያለው የእህት ልጅ በስልክ ተነግሮት አልቅሶ ጨርሷል። ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ውድ አንባብያን፣ «ታዲያ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው ካንሰር ነው ብሎ ማስደንገጥ ምን ይጠቅማል?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ክፍል ውስጥ ይህን ርእስ ሳነሣ ከጓደኞቼ ገሚሱ ያሉኝ ይህንኑ ነው። አንዷ እንዲያውም «አንተ ጭካኔ ነው የምታስተምረው» ብላኛለች። የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ትልልቅ ሰዎች ከከባድ ነገር ጋር የሚኖሩበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ጦርነት፣ ረሃብ፣ የልጅ ሞት ያሳለፉበት ዘዴ ነው። ዘዴው ግን የሚሠራው ከምን ጋር እየታገሉ እንደሆነ ሲያውቁ ነው። ስሙን ስንደብቅባቸው የምንወስድባቸው ያንን ዘዴ ነው።

ከስሙ እንጀምር። በመዝገበ ቃላት ካንሰር ማለት ነቀርሳ ነው። ችግሩ ሕዝቡ ነቀርሳ የሚለውን ቃል ለሌላ በሽታም ሲጠቀምበት መኖሩ ነው። ዛሬ ቲቢ የምንለውን ወላጆቻችንና አያቶቻችን «የሳንባ ነቀርሳ» ይሉታል። የሳንባ ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል። ካንሰር ደግሞ አብሮ በመብላትና በመጠጣት ከሰው ወደ ሰው አይሄድም (የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ ይተላለፋል፣ ካንሰሩ ራሱ ግን አይተላለፍም)። ስሙ አንድ ስለሆነ ፍርሃቱም አንድ ሆኖ ቀርቷል። በሰፈራችን የጡት ሕመም የነበረባቸውን አንዲት እናት አውቃለሁ። ማንም ሳያዛቸው ብርጭቋቸውን ለይተው፣ የልጅ ልጆቻቸውን መሳም ትተው ነበር። «ኧረ ይሄ አይተላለፍም» የሚላቸው ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም እንዲያ ለማለት መጀመሪያ «ይሄ» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። ቤተሰቡ ደግሞ ስሙን ላለመጥራት ተማምሏል። እናም እኚያ እናት ለማይተላለፍ በሽታ ብለው ከልጅ ልጆቻቸው ርቀው ከረሙ።

የመደበቁ ልማድ ከሰማይ አልወረደም። ለሃያ ዓመታት ያህል በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው አዲስ አበባ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ዘመድ ቤት ወይም አልጋ ተከራይቶ፣ ወራት የሚፈጅ ወረፋ መጠበቅ ማለት ነው። ሕክምናው እንዲህ ሩቅ በሆነበት ዘመን ካንሰር ነው ማለት ሞት ነው ከማለት እምብዛም አይለይም ነበርና «ለምን እንነግራቸዋለን?» የሚለው ሐሳብ ቢያንስ ይገባኛል። አሁን ግን ነገሩ እንደ ድሮው አይደለም። በጅማ የጨረር ሕክምና ተጀምሯል፤ እዚህም በዩኒቨርሲቲያችን ሆስፒታል የካንሰር መድኃኒት ይሰጣል። በቂ ነው እያልኩ አይደለም። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት 77 ሺህ ያህል አዲስ ታማሚዎች ነበሩ፤ ከ51 ሺህ በላይ ሰዎች ደግሞ ሞተዋል። ዕድሜ በገፋ ቁጥር በካንሰር የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። ሕዝባችን ድሮ ከነበረው ረዘም ያለ ዕድሜ መኖር ጀምሯል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ በየቤታችን መምጣቱ የማይቀር ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ልግባ። የእናቴ አባት ግንበኛ ነበሩ። ከወላይታ በወጣትነታቸው የመጡት ሐዋሳ ከተቆረቆረች ጥቂት ዓመታት ብቻ አልፈዋት እንደነበር ይነግሩን ነበር። ቱንቢና ውሃ ልክ ይዘው ሃምሳ ዓመት ያህል ሠርተዋል። በ74 ዓመታቸው መጀመሪያ ቆሎ አልወርድ አላቸው፣ ቀጥሎ ዳቦ፣ ቀጥሎ በወጥ የራሰ እንጀራ፤ በመጨረሻ አጥሚቱም ይተናነቃቸው ጀመር። (የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር አንዱ ምልክቱ ይሄ ነው፤ ከእኛ ብዙም በማይርቁት በአርሲና በባሌ በብዛት ይታያል። በጣም ትኩስ መጠጥ፣ ማለትም ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ፣ ለዚህ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል ያው የምርምር ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። የምንወደውን ቡና ትንሽ አቀዝቅዘን ብንጠጣው ምን አለበት?)

የምርመራው ውጤት የተነገረው ለአጎቴ ነው፤ ኮሪደር ላይ ቆመው። ሆስፒታሉን አልጠራም፣ ምክንያቱም ሐኪሙ የሠራው አጎቴ የለመነውን ነው። ለአባባ «ጨጓራዎት ትንሽ ቆስሏል» ተባሉ። የሕክምናውን ቅጽ አጎቴ ፈረመ። በደም ሥር የሚንጠባጠበው የካንሰር መድኃኒት ለእሳቸው «ጉሉኮስ» ሆነ። ቤት ውስጥም ሕግ ወጣ፦ ሬዲዮ ስለ ካንሰር ካወራ ጣቢያው ይቀየር፣ ጠያቂ ከመግባቱ በፊት በር ላይ ይመከር። በር ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ፤ ቁመቴ ረዘም ስለሚል ከመስኮቱ እንዳያዩን የምከልለውም እኔ።

ግን እኮ ሰባ አራት ዓመት የኖረ ሰው ሞኝ አይደለም! መድኃኒቱ የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል። በሁለተኛው ዙር አጠገባቸው የነበሩ ሰው «የእርስዎስ የት ላይ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። አባባ ያወቁት ያን ቀን ነው። ይሁንና ለአራት ወር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። «ጨጓራዬ ዛሬ ይሻላል» እያሉን፣ እኛም «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልን ኖርን። ኋላ ለምን ዝም እንዳሉ ስንጠይቃቸው «እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ» አሉ። እኛ እሳቸውን ለመጠበቅ፣ እሳቸው እኛን ለመጠበቅ፣ አንድ ጣሪያ ሥር አራት ወር ሙሉ ተዋናይ ሆነን ከረምን።

ይህ የእኛ ቤት ጉድ ብቻ መስሎኝ ነበር። ግሌዘርና ስትራውስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የኅብረተሰብ ጥናት ሊቃውንት በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ በአገራቸው ሆስፒታሎች ያዩትን ይህንኑ ጽፈዋል። ታማሚው እንደሚሞት ያውቃል፣ አስታማሚውም ያውቃል፣ ሁለቱም እንደማያውቁ ሆነው ይጫወታሉ። ስለዚህ «መደበቅ የእኛ ባህል ነው» ለሚሉኝ የመጀመሪያ መልሴ ይሄ ነው፤ ፈረንጁም ሲደብቅ ነው የኖረው።

የእኛን ቤት ትያትር የሰበረው ሐኪም አይደለም፤ የሃይማኖት አባትም አይደለም። የአባባ የአርባ ዓመት የሥራ ጓደኛ ናቸው። በር ላይ ስመክራቸው «እሺ እሺ» ብለው ገቡ። ቡናው አንደኛው ሲቀዳ «ለመሆኑ ሐኪሙ ምን አለህ?» ብለው ፊት ለፊት ጠየቋቸው። አባባ «ለኔማ ምንም አላለኝ። ለልጆቼ ነው የነገራቸው፣ እነሱን ጠይቃቸው» አሉ። እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ቀረች። አጎቴ ወደ ውጭ ወጣ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር፤ ተቀመጠና ሁሉንም ተናገረ።

ከዚያ በኋላ አባባ የጠየቁት ሦስት ነገር ነው። «ይተላለፋል ወይ? እስካሁን ስንት ብር ፈጀ? እየባሰ ሲሄድ ያመኛል ወይ?» መቼ ነው የምሞተው ብለው አልጠየቁም። እኛ አራት ወር ሙሉ ስንፈራ የነበረው ያንን ጥያቄ ነበር።

ገንዘቡን ሲሰሙ ተቆጡ፤ በሕይወቴ እንዲያ ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። አጎቴ የቤቱን ግማሽ ሽጦ አዲስ አበባ ሊወስዳቸው ተዋውሎ ነበር። እሳቸው «ይህን ቤት በእጄ ነው የሠራሁት፣ በቁሜ አይሸጥም» ብለው አስፈረሱት። እዚሁ የሚገኘውን ሕክምና ለመከታተል ወሰኑ። ውሳኔው ትክክል ነበር ወይ? ሐኪም አይደለሁምና አልፈርድም። የውሳኔው ባለቤት ግን እሳቸው መሆን ነበረባቸው። አዛውንት በታመመ ቁጥር ላምና መሬት፣ ቤትና ሱቅ እየተሸጠ ባለንብረቱ ሳይጠየቅ የሚወሰንባቸው ቤቶች ስንት እንደሆኑ ዙሪያችንን እንይ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ?

ከዚያ ዘጠኝ ወር ኖሩ። ማወቃቸው ዕድሜ ጨመረላቸው ልል አልችልም። ዘጠኙን ወር ምን እንዳደረጉበት ግን አይቻለሁ። ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በአጥር ወሰን ተኳርፈው አሥራ አንድ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ሽማግሌ ልከው አስጠሩትና ታረቁ። የሰው ዕዳ ከፈሉ። ምስክር አስቀምጠው ኑዛዜ አጻፉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ደግሞ ሰውዬው ቀኑ እየመሸ መሆኑን ማወቅ አለበት። በስንት ሬሳ ላይ ነው ወንድምና እህት በፍርድ ቤት የሚካሰሰው፣ «አባታችን ለኔ ብለው ነበር» እየተባለ? ከደበቅንባቸው ነገሮች ሁሉ ከባዱ ለእኔ ይሄ ነው፤ ቤትን አስተካክሎ የመሄድ ዕድል።

የቀረው ጊዜ ተራ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ። በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ስድስት ጊዜ ይበላሉ። ጎረቤት ግንብ ሲያስገነባ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው «ያ ድርድር ጎብጧል» እያሉ ወጣቱን ግንበኛ ያስመርራሉ። አሞራ ገደል ወስደናቸው የዓሣ ሾርባ ቀምሰው በግማሹ ተዉት፤ ቢሆንም ሐይቁን አይተው ተመለሱ። ትልልቅ ሰዎች ካንሰርን እንዴት ይችሉታል ብሎ ለሚጠይቅ እኔ ያየሁት ይህን ነው። ትልቅ ነገር የለውም። የለመዱትን ኑሮ በአቅማቸው ልክ እያሳነሱ ይቀጥሉታል።

ወደ ባህል ጥያቄ ልመለስ፤ ከጓደኞቼ ጋር የምንከራከረው እዚያ ላይ ነውና። የውብዳር በየነ የተባሉ ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሚታተም የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ጽፈው ነበር። የአሜሪካ ሐኪሞች እንደ ሕጋቸው ክፉውን ዜና ለታማሚው ፊት ለፊት ይናገራሉ፤ ኢትዮጵያውያኑ ደግሞ ይህን እንደ ጭካኔ ያዩታል። በእኛ ዘንድ ወሬው በመጀመሪያ ለቅርብ ቤተሰብ ወይም ለወዳጅ ይነገራል፤ እነሱም ጊዜና ቦታ መርጠው ያደርሱታል። ይህን ጽሑፍ የሚያውቁ ሰዎች «ይኸው፣ ባህላችን አይፈቅድም» ይሉኛል።

እንዴ! ባህላችን የሚለው እኮ «አትንገሩ» ሳይሆን «አነጋገሩን እወቁበት» ነው። መርዶን አስቡት። ሰው ሞቶ ዘመድ ሩቅ ሲሆን ማታ አይነገረውም፣ መንገድ ላይ አይነገረውም፣ ብቻውን ሆኖ አይነገረውም። ጎረቤትና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ በንጋት ይሄዳል። የሚደግፍ ክንድ፣ ውኃ የምታቀርብ ሴት፣ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ተዘጋጅቶ ነው የሚረዳው። ሳይነገረው ይቅር የሚል ግን የለም። መርዶ የመናገር ጥበብ ነው። ለሞተ ሰው ይህን ያህል የተጠበብን ሕዝብ፣ በሕይወት ላለ ታማሚ ግማሹን ጥበብ ብንነፍገው ጥፋቱ የባህል አይደለም። ኮሪደር ላይ ለልጅ ሹክ ብሎ መሄድ የማን ባህል ነው? የቸኮለ ሆስፒታል ባህል ነው።

ደግሞ የምንኖርበት አገር የሲዳማ አገር ነው። የሲዳማ አባቶች ጉዳይ ሲይዙ «አፊኒ?» ብለው ይጀምራሉ፤ «ሰምታችኋል ወይ?» እንደ ማለት ነው። ሳይሰማ፣ ሳይመከርበት የሚወሰን ነገር የለም። «ሀላሌ» የሚሉት እውነት ደግሞ የአዛውንት ክብር የሚለካበት ነው። ለሌላው ሰው ጉዳይ «ሰምታችኋል ወይ?» ብሎ የሚፈርድ ሽማግሌ፣ በገዛ አካሉ ጉዳይ ያልሰማው እሱ ብቻ ሲሆን ነገሩ ያስገርማል።

የሃይማኖቱንም ነገር ማለፍ አይቻልም። አብዛኞቹ አዛውንቶች ክፉ ሕመም ሲመጣ መጀመሪያ የሚይዙት እሱን ነው፤ ጸበል፣ ዱዓ፣ የጸሎት ቡድን። እኛ ወጣቶች፣ በተለይ ትንሽ ፊደል የቆጠርን፣ በዚህ መሳቅ ይቀናናል። እኔ አልስቅም። ጸበል ቦታ የሚሄዱት ሴት የሚያገኙት ጸበሉን ብቻ አይደለም፤ ስለ ሕመማቸው በግልጽ የሚናገሩ ሌሎች ታማሚዎችን ነው፣ በቤታቸው ያላገኙትን። የሚያስጨንቀኝ በሽታቸውን ሳያውቁ መድኃኒቱን ሲያቋርጡ ነው። «ጨጓራ ነው» የተባለ ሰው ጨጓራው ሲሻለው መድኃኒቱን ለምን ይቀጥላል? ጾምም አለ። መድኃኒት እየወሰዱ ሙሉ ጾም ካልጾምኩ የሚሉ እናቶች አሉ። የነፍስ አባታቸው ለታመመ ሰው ማቅለል ይችላሉ፤ ግን የነፍስ አባትየውም ቢሆኑ የሚያውቁት «ጨጓራ» ነው።

ሕመሙስ? አዛውንቶቻችን ሕመም ቻይ ናቸው፤ «የእርጅና ነው» ብለው ይተዉታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሕመም ደረጃ በደረጃ፣ ከቀላል ማስታገሻ እስከ ሞርፊን፣ እንዴት መታከም እንዳለበት በ1986 እ.ኤ.አ. መመሪያ አውጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት ቤት ለቤት እየሄደ ሕመም የሚያስታግስ አገልግሎት ይሰጣል። በእኛ ሰፈሮች ግን እቤት ተኝቶ የሚያቃስት ሽማግሌ ሲጠየቅ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ቤተሰቡም ያምነዋል። ሕመሙ ከምን እንደመጣ ያላወቀ ሰው ማስታገሻ ጠይቆ መቀበልም እንደሚችል አያውቅም።

ለተቃዋሚዎቼ አንድ ነገር ልስጥ። መስማት የማይፈልግ አዛውንት አለ። «ለልጄ ንገሩት፣ እኔን ተዉኝ» የሚሉ እናቶች አሉ፤ መብታቸው ነው። እኔ በግድ ይነገር አላልኩም። ይጠየቁ ነው ያልኩት። ገና ምርመራው ሲጀመር፣ ውጤት ሳይመጣ፣ «ውጤቱ ሲደርስ ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ? ወይስ ለማን እንንገር? ሲነገርዎት ማን አጠገብዎ ይሁን?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የጤና ተማሪ ጓደኞቻችን ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ እኛ ወደ ሙያችን። በ1990ዎቹ ስለ ኤች አይ ቪ የነበረው ዝምታ የተሰበረው እንዴት ነው? በባለሙያ ማብራሪያ ብቻ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች «ተስፋ ጎህ»ን መሥርተው በራሳቸው አፍ ተናገሩ። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው ቆይቶ በ1997 ነው። ማለትም ሰዎች የተናገሩት መድኃኒቱ በእጃቸው ሳይገባ ነው። በካንሰር በኩልም ትልቁ በር የተከፈተው በስም ነው። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው በደም ካንሰር ያጡትን ትንሽ ልጃቸውን ማቲዎስን ስም ሰጥተው በ1996 ዓ.ም. ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። የልጅ ሐዘን በስም ተጠራ። የሽማግሌው ግን እስካሁን «ክፉ በሽታ» ነው፤ የሞቱ ዜናም «ባደረባቸው ሕመም» ይላል።

የእኛን ዘገባዎች ተመልከቱ። የካንሰር ዜና ስንሠራ የምናናግረው ሐኪሙን ነው፣ ቢበዛ ልጃቸውን። አዛውንቷ በምስሉ ላይ ተኝተው ይታያሉ፣ ከታች የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ፣ ድምፃቸው ግን የለም። ርዳታ መጠየቁ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ነገር ግን ሰው ሁሌ እንደ ለማኝ ብቻ ከታየ ስለ አኗኗሩ ማን ይጠይቀዋል? ምን ይበላሉ? ሌሊት እንቅልፍ ሲጠፋ ምን ያደርጋሉ? እድርተኛው ሊጠይቅ ሲመጣ ያግዛል ወይስ ያደክማል? ቃል ስንመርጥም እንጠንቀቅ፤ «ነቀርሳ» ካልን ከቲቢ እንለይ፣ የትኛው አካል ላይ እንደሆነ እንናገር፣ ሁሉንም ካንሰር በአንድ «ገዳይ» በሚል ቅጽል አንጥራ። ቶሎ ከተደረሰበት የሚድን አለ፣ ለዓመታት አብረውት የሚኖሩት አለ፣ የማይድንም አለ።

በዚህ ሴሚስተር ለሬዲዮ ዝግጅት ትምህርት የአሥራ አምስት ደቂቃ ፕሮግራም መሥራት አለብን። የእኛ ቡድን ካንሰር ያለባቸውን አዛውንቶች እናናግር ብሎ ለመምህራችን አቅርቧል። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት እሺ ብለውናል። እንደ ተለመደው ስማቸውን ቀይረን፣ ድምፃቸውን አወፍረን እንደምናቀርብ ልንነግራቸው ስንጀምር አቋረጡን። ስማቸውን በራሳቸው አፍ ነው የሚናገሩት። ከዚያ የጠየቁን «ከአሥራ አምስቱ ደቂቃ ለኔ ስንቱ ነው? ሐኪሙ አይጨርስብኝም?» ብለው ነው።